«ወሬ መልቀም ደግሞ ሥራ ሆነ?»

ጠያቂዬ ሜሪላንድ የምትኖር የ3ኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ ናት። ባልቲሞር ውስጥ በአንድ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን በኩል፣ ስፓሮውስ ፖይንት በሚባለው የብረት ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ አዛውንቶችን ድምፅ በነፃ ትቀዳለች። ይህንኑ መተዳደሪያዋ ማድረግ ትፈልጋለች። እናቷ ግን «ወሬ መልቀም ደግሞ ሥራ ሆነ? አርፈሽ ነርሲንግ ግቢ» ብለዋታል። ተበድራ ውድ የሆነ ማስተርስ ልትጀምር አስባለች። የስደተኛ ልጅ ሆኜ የእነሱን ታሪክ ለመቅዳት መብት አለኝ ወይ ትላለች። ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ ውስጥ እየሠሩ ያስተማሯት የአባቷ ውለታም ያስጨንቃታል።

እህቴ፣ እናትሽ ያሉትን ብዙ ሰው ይለዋል። ስልክ ያለው ሁሉ ይቀዳል፣ ታዲያ ምኑ ነው ሙያው ይላሉ። ይሄን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

በ1937 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሳውዝ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ውስጥ ሱዛን ሃምሊን የሚባሉ፣ በባርነት ያለፉ አሮጊት ነበሩ። መንግሥት ያሰማራቸው ጸሐፊዎች ቃላቸውን ተቀበሉ። አንዷ ጠያቂ ነጭ ነበረች። አሮጊቷ ከእርዳታ መሥሪያ ቤት የመጣች መሰለቻቸው፤ ጌታቸው ደግ ሰው እንደነበር ነገሯት። ሌላው ጠያቂ ጥቁር ነበር። ለእሱ ግን ግርፋቱን አወሩለት። ልጆቻቸው የተሸጡባቸው እናቶች እንዴት ይጮኹ እንደነበር ነገሩት። ያው ሴትዮ፣ ያው ከተማ። በዚያ ፕሮጀክት ከ1936 እስከ 1938 ከ2,300 በላይ ሰዎች ቃላቸውን ሰጥተዋል። ዛሬ የሚያነባቸው ተመራማሪ ታዲያ መጀመሪያ የሚያጣራው ጠያቂው ማን እንደነበር ነው። ማንም ተነስቶ የሚሠራው ነገር ቢሆን ይህ ጣጣ ባልመጣ ነበር።

አንቺ የምትቀጃቸውን ሰዎች ደግሞ እይ። ስፓሮውስ ፖይንት ጥቁሩ ሠራተኛ የሚመደበው እሳቱና ጭሱ ወደሚበረታበት፣ ለምሳሌ የድንጋይ ከሰል ወደሚጋገርበት የኮክ ምድጃ ነበር። ወደ ተሻለ ክፍል ልዛወር ካለ፣ ያገለገለበት ዘመን ቀርቶ ከዜሮ ይጀምራል። በ1974 የዚህ ፋብሪካ ባለቤት ያለበት፣ ዘጠኝ የብረት ኩባንያዎች ስለዚህ ዓይነቱ አድልዎ ከመንግሥት ጋር ስምምነት ገቡ። ለ40,000 ገደማ ጥቁሮች፣ ሌሎች አናሳ ወገኖችና ሴቶች ወደ 31 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ሊከፈል ሆነ። ሲካፈል ለሰው 800 ዶላር እንኳ አይሞላም። እስከዚህ ድረስ ወረቀት ላይ ታገኚዋለሽ። ቼኩ ቤት ሲደርስ ሚስትየዋ ምን አለች? ሰውየው ተቀበለ ወይስ እምቢ አለ? ያን የሚነግርሽ ባለታሪኩ ብቻ ነው። ለመጠየቅም የክፍል ዝውውሩን ሕግ አንብበሽ መሄድ አለብሽ። ሳያነብ የሄደ «ዘረኝነት ነበር?» ብሎ ይጠይቅና «አዎ» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል።

የእጅ ሙያውም አለ። ብዙ አዛውንት የሚያወራሽ ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ነው። የፍሪጁን ድምፅ አንቺ ልብ አትዪውም፣ ማይኩ ግን ይሰበስበዋል። አስፈቅደሽ ንቀዪው። መልሰሽ መሰካቱን እንዳትረሺ የመኪናሽን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጪ። ሳትከፍቺው አትሄጂም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከቀዳሽ በኋላ ያለው ነው። እኔ ሥራ የጀመርኩት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ መጽሐፍ ማዋሻው መስኮት ላይ ነበር። ማታ ማታ እየተማርኩ መዛግብት ክፍል ገባሁ። እዚያ ያየሁት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት፣ ልጣፉ ላይ «ዲያቆኑ፣ ማክሰኞ» ብቻ። ሙሉ ስም የለ፣ ዓመት የለ፣ የፈቃድ ፊርማ የለ። ተናጋሪው ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ የሚያስፈቅዱት ቤተሰብ እንኳ የለም፤ ለሕዝብ መክፈት አልተቻለም። የቀዳው ሰው ለፍቷል። ሰው የሚሰማው ነገር ግን አልተረፈም።

ሜምፊስ ላይ የሆነውን ከዚህ ጋር አስተያዪው። በ1968 ወደ 1,300 የሚጠጉ ጥቁር የጽዳት ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ «እኔ ሰው ነኝ» የሚል ጽሑፍ ይዘው ወጡ። ሊደግፏቸው የመጡት ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ እዚያው ተገደሉ። የከተማው ሰዎች በዚያው ዓመት ኮሚቴ አቋቁመው ቃል መቅዳት፣ የዜና ፊልም ማሰባሰብ ጀመሩ። የሰበሰቡት ዩኒቨርሲቲ ገባ። አሁንም እዚያው ይገኛል።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፤ በመዛግብቱ በር ግቢ። ቀጂ ብቻ ከሆንሽ የምትኖሪው በፕሮጀክት ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። ካታሎግ የሚያውቅ፣ የፈቃድ ሰነድ የሚያዘጋጅ፣ የድሮ ቴፕ ወደ ዲጂታል የሚገለብጥ ሰው ግን ቤተ መጻሕፍትም፣ ሙዚየምም፣ የሠራተኛ ማኅበርም ይፈልገዋል። ላንቺ ደግሞ ቅርብ ነው። ኤኤፍኤል-ሲአይኦ የሚባለው የአሜሪካ ሠራተኛ ማኅበራት ኅብረት መዝገብ ከ2013 ጀምሮ ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው። የቤተ መጻሕፍትና የመዛግብት ማስተርሱም እዚያው ይሰጣል። ዋሽንግተን ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሞርላንድ-ስፒንጋርን የምርምር ማዕከሉ፣ በጥቁሩ ዲፕሎማት በራልፍ በንች ስም የተሰየመ ትልቅ የሲቪል መብት ታጋዮች ቃለ ምልልስ ስብስብ አለው። በሰዓት የሚከፈል ሥራም ቢሆን ያዢ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለቋሚ ሠራተኛ የትምህርት ክፍያ ይቀንሳሉ ወይም ይሸፍናሉ። ያንን ሳትሞክሪ ያን ሁሉ ብድር ውስጥ እንዳትገቢ። ደሞዙ የነርስ አያክልም፤ በዚህ እናትሽ እውነታቸውን ነው። ሳትወጂው የገባሽበት ነርስነት ግን ለታማሚውም አይበጅም።

የአባትሽ ድካም ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ሙያሽን አልገዙበትም። የቤት ኪራይሽን ራስሽ ስትከፍዪ ውለታቸው ተመለሰ፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቅሽ ዘመድ ካለ አትስሚው።

ስለ መብት፦ ማን እንደሆንሽ፣ ቅጂው የት እንደሚቀመጥ ቀድመሽ ንገሪያቸውና እነሱ ይወስኑ። ይህችንም እወቂ፦ ብዙዎቻችንን አሜሪካ እንዳንገባ ያገደን የኢሚግሬሽን ኮታ ሕግ የተሻረው በ1965፣ እነዚህ ሰዎች ሲታገሉበት በነበረው ዘመን ነው።

እስካሁን ላናገርሻቸው ሁሉ ተመልሰሽ የፈቃድ ፎርም አስፈርሚ። ያን ሳትጨርሺ አዲስ ሰው አትቅጂ። ከዚያ ለኮሌጅ ፓርክ መዛግብት ክፍል የምትጽፊውን ኢሜይል ረቂቅ ላኪልኝ፤ አይቼ አርሜ እመልስልሻለሁ።