መልስ፦ ዳርክ ሰንን ወደ አዲሱ እትም ለማምጣት

«እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣውን ዳርክ ሰን የተባለ የበረሃ ዓለም በአዲሱ የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (በዳይስና በምናብ፣ ገጸ ባሕርይ ይዘው የሚጫወቱት ጨዋታ) እትም ላጫውት ነው፤ ህጉን ሁሉ አንድ በአንድ ልቀይር ወይ?» ላልከው፦ ኧረ በፍጹም! ዕድሜህን ትጨርሳለህ እንጂ ሥራው አያልቅም።

መጀመሪያ ምን ቢጎድል አታስ (የዳርክ ሰን ዓለም) አታስ እንደማይመስል ለይ። ለእኔ አስማቱ ነው። አስማተኛው ኃይሉን ከዕፅዋት ስለሚመጥ፣ ካልተጠነቀቀ ምድሩ አመድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ለጨዋታው አራተኛ እትም የወጣው ዳርክ ሰን ይህን አሪፍ አድርጎ ሠራው። አስማተኛው ትልቁ ድግምቱ ሲከሽፍበት ዳይሱን መልሶ መጣል ይችላል፤ ጉዳቱ ግን በአቅራቢያው ላሉ ጓደኞቹ ይተርፋል። ጠረጴዛው ላይ የሚነሳውን ጭቅጭቅ አስበው!

ታሪኩን ቲር የተባለችውን ከተማ ይገዛ ከነበረው አስማተኛ ንጉሥ ከካላክ ሞት ማግስት ጀምር፤ የአራተኛው እትም አዘጋጆችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ብረት ብርቅ መሆኑንም አትርሳ። የአጥንት ሰይፍ በውጊያ መሃል ካልተሰበረ ምኑን ዳርክ ሰን ሆነ?