ስፒናውን ገና አትሰኩት

በዚህ ወር የድምፅ ዕቃ ጥያቄ ከሰሜን ሸዋ ጎረፈልኝ። ክረምቱ ሰዉን ቤት አስቀምጦ የድሮ ሣጥን ሳያስፈትሽ አልቀረም። አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ «ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ከደብረ ብርሃን ነኝ። አጎቴ ሲያርፉ ሬቮክስ ኤ77 የሚባል ትልቅ የሪል ቴፕ መቅጃ ተውልኝ። የመንዝ ሰርግና የበገና ቅጂ ያለባቸው የቴፕ ክሮችም አብረው አሉ። ከተከፈተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። የሰፈራችን ሬዲዮ ሠሪ "ሰካውና እንየው" ብሎኛል። እኔ ግን ፈራሁ። ልሰካው?»

መልስ፦ አትሰካው ወንድሜ። የፈራኸው ልክ ነህ። የቆየ ዕቃ ቆሞ ሳለ አይሞትም፣ የሚገድሉት «እስኪ እንየው» ሲሉ ነው።

ሬቮክስ ኤ77 ስዊዘርላንዳዊው ቪሊ ስቱደር ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያመረተው ማሽን ነው። ሰውየው ለስቱዲዮና ለሬዲዮ ጣቢያም ቴፕ ይሠራ ስለነበር ዕቃው የዋዛ አይደለም። ቢሆንም ኮንደንሰር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትንሽ ክፍል) የማያረጅበት ዕቃ የለም።

መጀመሪያ የቮልቴጅ መምረጫውን ፈልግ። ከ110 እስከ 250 ድረስ ይዞራል። አጎትህ ከውጭ አምጥተውት ከሆነ 110 ላይ ቆሞ ይሆናል፤ እንደዚያው በኛ 220 ከሰካኸው ያው አለቀለት። ፊውዙንም አውጥተህ እይ። የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ የሚመልስ ባለሙያ አገራችን ሞልቷል፣ ማሽኑም ቤቱም የሚቃጠለው በዚህ ነው።

ቀጥለህ ክዳኑን ክፈት። ከማብሪያውና ከኃይል መግቢያው አካባቢ ቢጫ መስታወት የመሰሉ፣ ሪፋ የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ትንንሽ ኮንደንሰሮች ታገኛለህ። ውስጣቸው ወረቀት ነው። የላይኛው ልባሳቸው ሲያረጅ በቀጭን በቀጭኑ ይሰነጠቅና እርጥበት ይገባል፤ በደብረ ብርሃን ጉም ስንት ዓመት እንደጠጡ አስበው። እንዲህ ያለው ኮንደንሰር ኃይል ሲያገኝ ይፈነዳል፣ ጭሱና ሽታው ደግሞ ከቤት ቶሎ አይወጣም። ሳይሰነጠቅ ብታገኘውም ቀይረው። በምትኩ የሚገባው ማይክሮፋራዱ ከድሮው ጋር እኩል የሆነ፣ ላዩ ላይ «ኤክስ2» እና «275 ቮልት ኤሲ» የሚል ነው። ሌላ ዓይነት እዚያ ቦታ አታስገባ።

«ሁሉንም ኮንደንሰር ጠራርገህ ቀይር» የሚሉህም ይኖራሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የቆየ ቦርድ ላይ ካውያ በነካህ ቁጥር የመዳቡ መስመር ተላቆ የመነሳት ዕድል አለው፣ ደግሞም ሠላሳ ቦታ ነካክተህ ማሽኑ ዝም ቢልህ ጥፋቱ የድሮ ይሁን ያንተ በምን ታውቃለህ? ሪፋዎቹን ቀይር፣ ያበጠና ፈሳሽ ያፈሰሰ ካለ ቀይር፣ የቀረው ተለክቶ ይወሰናል። ኤ77 ላይ ትሪመሮቹም (ቦርዱ ላይ ያሉት ትንንሽ ተዟዟሪ ማስተካከያዎች) ክፍት ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ይበላሻሉ፤ አንዱ ቻናል ብቅ ጥልቅ ካለ መጀመሪያ እነሱን ጠርጥር።

አሁን ወደ መሰካቱ። የድሮውን ባለ ክር አምፖል ፈልግ፣ 60 ወይም 100 ዋት። ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። አምፖሉ ከማሽኑ ጋር በተከታታይ ይታሰር፤ ማለትም ፌዙ መጀመሪያ አምፖሉን አልፎ ነው ማሽኑ ጋ የሚደርሰው። ማሽኑ ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራና ኃይሉን ራሱ ይይዘዋል፣ ትራንስፎርመሩም ይተርፋል። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ኤ77 ላይ ሞተሮቹም ኃይል ስለሚወስዱ ትንሽ ቀላ ብሎ ቢቀር አትደንግጥ። ቦግ እንዳለ ከቀረ ግን ቶሎ ንቀለው። 220 ቮልት ነውና አምፖሉን ራሱ የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይሰርልህ።

ሌላው ቀላል ነው። ሄዱን (ድምፁን ከክሩ የሚያነበውን) እና ክሩ የሚነካቸውን ብረቶች በአይሶፕሮፒል አልኮል አጽዳ (የከተማችሁን አረቄ ለእንግዳ አስቀምጠው)። ላስቲኩን ተሽከርካሪ ግን በለስላሳ ሳሙናና ውኃ።

ክሮቹን በተመለከተ፣ ለመሞከሪያ የማይረባውን አስቀድም። ጥቅሉን ብርሃን ፊት ያዘውና በጎኑ እየው፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ አሴቴት ከሚባለው የድሮ ፕላስቲክ የተሠራ ነው፣ ቶሎ ይበጠሳልና በፍጥነት አታጠንጥነው። ሲዞር ከጮኸ፣ ሄዱም ላይ ቡናማ ሙጫ ከተወ እዚያው አቁም። በተለይ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተሠሩ አንዳንድ ክሮች፣ ለምሳሌ አምፔክስ 456፣ ማጣበቂያቸው እርጥበት ይጠጣል። እነዚያን ባለሙያ 54 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት አሙቆ ነው የሚያጫውታቸው። የእንጀራ ምጣድ ላይ እንዳትሞክረው! አሴቴት ደግሞ ጭራሽ አይሞቅም። የበገናው ቅጂ ያለበትን ክር ስታጫውት ኮምፒውተሩ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ እየቀዳ ይሁን። ያረጀ ክር ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥህ ይችላል።

ጥያቄ፦ «ሸዋ ሮቢት ሰርግ ላይ ሙዚቃ አጫውታለሁ። የቆየ የአሜሪካ ሚክሰር ገዛሁ፣ 220ውን ወደ 110 በሚያወርድ ስቴፕ ዳውን ነው የምሠራው። ከሞንታርቦው ጋር ሳገናኘው "እምምም" ይላል። አንድ ልጅ የስፒናውን ኤርዝ ቁረጠው፣ ይጠፋል አለኝ። እውነት ነው?»

መልስ፦ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል፣ አንተም አብረህ ልትጠፋ ትችላለህ። አትቁረጠው። ሚክሰሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ተላቆ ብረቱን ቢነካ፣ ማይክ የያዘው ዘፋኝ ነው የሚመታው።

እምምታው ከየት እንደሚመጣ ለይ። ገመዶቹን ሁሉ ንቀልና በጆሮ ማዳመጫ ሚክሰሩን ብቻ ስማ። ካለ፣ ችግሩ ከውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የኃይል ክፍሉ ትልልቅ ኮንደንሰሮች ደክመዋል ማለት ነው፣ ድምፁም 100 ኸርዝ ላይ ሻካራ ይሆናል። ብቻውን ዝም ካለና ስታገናኘው ከጮኸ፣ ኤርዙ በሁለት መንገድ እየዞረ ነው። ስቴፕ ዳውንህንም እየው፦ መውጫው ባለ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ኤርዙ እዚያው ጠፍቷል፣ ስለዚህ ኤርዝ የሚያሳልፍ ቀይር።

ለዙሩ መፍትሔው ሚክሰሩንና ሞንታርቦውን ከአንድ ማከፋፈያ ማብላት ነው። ካልበቃ፣ በድምፁ ገመድ (በኃይሉ አላልኩም!) በአንደኛው ጫፍ ብቻ ፒን 1 (የኤርዙ እግር) ይላቀቅ። ፋንተም ኃይል (ሚክሰሩ ለማይኩ የሚልከው ኤሌክትሪክ) የሚሄድበት የማይክ ገመድ ላይ ግን ይህን አታድርግ፣ ማይኩ ዝም ይልሃል።

የአሜሪካ ዕቃ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ካኖን በሚባለው ባለ ሦስት ፒን የድምፅ መሰኪያ ላይ ፒን 2 ነው «ሙቁ»፣ ማለትም ድምፁን ቀጥ አድርጎ የሚያሳልፈው፤ ድሮ ግን ፒን 3ን ሙቅ ያደረጉ የአሜሪካ ማሽኖች ብዙ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ከአዲስ ዕቃ ጋር ጎን ለጎን አድርገህ አንድ ዘፈን በሁለቱም ብትለቅ ሁለቱ ድምፆች ይጣረሱና ቤዙ ይከዳሃል። ያን ጊዜ በአንደኛው ገመድ ላይ ብቻ 2 እና 3ን አቀያይር።

ቻናሎቹን ለመፈተሽ ውድ መሣሪያ አያስፈልግህም። ከስልክህ የ400 ኸርዝ ቃና ልቀቅ፣ ቮሊዩሙን ሳትነካ በየተራ እያንዳንዱ ቻናል ላይ ክተት፣ መውጫውን በቴስተር ኤሲ ቮልት ላይ አንብብ። 400 ያልኩህ ርካሽ ቴስተር ከፍ ባለ ቃና ላይ ስለሚዋሽ ነው። የስቱዲዮ ዕቃ ልኩ 1.23 ቮልት ነው። ከሌሎቹ ተለይቶ ያነሰው ቻናል በሽተኛህ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መንዝ፣ ሞላሌ አካባቢ ካለ ደብር ነው። ጌሎሶ የሚባል የድሮ የጣሊያን አምፕሊፋየር አለን፣ 30 ዋት ይላል። ጡሩምባዎቹ 150 ሜትር ያህል ይርቃሉ። አንድ ሳለ ይሰማ ነበር። አራት ስናደርገው ጭራሽ ደከመ። ምን በደልን?»

መልስ፦ አባቴ፣ ይባርኩኝ። ምንም አልበደሉም። ድምፁን የበላው ሽቦው ነው።

ቀጭን ባለ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የመብራት ሽቦ ነው የዘረጉት ብዬ ልቁጠር። ሄዶ መመለሻው 300 ሜትር ይሆናል፣ የሽቦው መከላከል ብቻውን 7 ኦም ገደማ ነው። ጡሩምባው 8 ኦም ከሆነ አንዱን ሲያስሩ ኃይሉ ግማሽ ለግማሽ ሊባል በሚችል መልኩ ለሽቦውና ለጡሩምባው ይካፈላል። ሽቦው መከላከሉን እጥፍ ሊያደርገው ስለተቃረበ ማሽኑ ራሱ የሚሰጠው ከ30 ዋቱ ግማሽ ገደማ ነው፣ ከዚያ ለጡሩምባው የሚደርሰው 8 ተኩል ያህል ነው። አራቱን ጎን ለጎን ሲያስሯቸው በአንድነት 2 ኦም ይሆናሉ፣ ሽቦው ግን ያው 7 ነው። ለአራቱም በድምሩ የሚደርሰው 6 ዋት አይሞላም፤ ለአንዱ አንድ ዋት ተኩል ማለት ነው። ለዚህ ነው ሲጨምሩ የደከመው።

መድኃኒቱ የ100 ቮልት መስመር ነው። ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ 100 ቮልት የሚል መውጫ ካለ ሽቦው ከዚያ ይነሳ፣ እያንዳንዱ ጡሩምባ ጋ ደግሞ የመስመር ትራንስፎርመር ይግባና 5 ዋት ላይ ይታሰር። አራት ጊዜ አምስት 20 ነው፣ ከ30 በታች ስለሆነ ማሽኑ አይጨነቅም። ጭነቱ 500 ኦም ይሆናልና የሽቦው 7 ኦም ከመቶ ሁለት እንኳ አይበላም። ያው ቀጭን ሽቦ ይበቃዎታል።

ሁለት ነገር አደራ። 100 ቮልት ሰው ይመታልና እየሠራ ሽቦውን ማንም አይንካ፣ ጡሩምባ የሚሰቅሉት ዲያቆናትም ማሽኑ መጥፋቱን ሳያዩ መሰላል አይውጡ። ማሽኑ ባለ ቱቦ (እንደ አምፖል የሚግል የመስታወት ቱቦ ያለው) ከሆነ ደግሞ ጡሩምባ ሳይታሰርበት አያብሩት፣ የመውጫው ትራንስፎርመር ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ «ከደብረ ሲና። የድሮ ሚክሰሬን መግፊያዎች ስገፋቸው ይንኮሻኮሻሉ። ደብሊው ዲ 40 ልርጭበት ይሆን?»

መልስ፦ አትርጪ እህቴ፣ ለዚህ ሥራ የተሠራ አይደለም። ለፖቴንሺዮሜትር (ለመግፊያና ለማዞሪያ) ተብሎ የተሠራ የኮንታክት ማጽጃ ግዢ፣ ማሽኑን ንቀይ፣ ጥቂት ረጭተሽ መግፊያውን ወደ ላይ ወደ ታች አመላልሺው፣ እስኪደርቅም ጠብቂ። ከዚያ በኋላም ከተንኮሻኮሸ ቴስተሩን ዲሲ ላይ አድርጊና ማሽኑ በርቶ የመግፊያውን እግሮች ለኪ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ቮልት ካነበብሽ መግፊያው ንጹሕ ነው፣ ከፊቱ ያለው ኮንደንሰር ነው የሚያፈስሰው፤ እሱን ቀይሪ።