ናፖሊዮን ያን ሁሉ ሰው ምን አበላ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ለገጣፎ ነው። ናፖሊዮን 200 ሺህ ወታደር ይዞ አውሮፓን እንዳካለለ አነበብኩ። ሬዲዮ የለ፣ ስልክ የለ፣ መኪና የለ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ጦር እንዴት አዘዘው? ጓደኞቼ «ሊቅ ስለነበረ ነው» ይሉኛል። ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም።

መልስ፦ ይመስገነው፣ ደህና ነኝ ልጄ። ያልተዋጠልህም ደግ አደረግህ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ስንቅና ትጥቅ ውስጥ ነው። አሁን ቱሉ ዲምቱ ዳር ጡረታዬን እየቆጠርኩ ብቀመጥም፣ ጦርነት ሲወራ ቀድሞ የሚመጣብኝ «ማን ጀገነ?» ሳይሆን «ምን በሉ?» የሚለው ነው። ናፖሊዮንንም በዚሁ በር ግባበት።

200 ሺህ ሰው በአንድ መንገድ አይሄድም። ፊተኛው ማደሪያው ደርሶ ሲያንቀላፋ ኋለኛው ገና ከሰፈር አልተነሳም። ዱቄቱንም ድርቆሹንም ፊተኛው ጠርጎት ስለሚያልፍ ለኋለኛው የሚተርፈው አቧራ ነው። ስለዚህ ጦሩን ከፋፈለው። እ.ኤ.አ. በ1805 አብዛኛው ሠራዊቱ እንግሊዝን ሊወጋ ፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ቡሎኝ አካባቢ ሰፍሮ ነበር። ኦስትሪያን ሊወጋ ወደ ምሥራቅ ሲያዞረው 7 ኮር አድርጎ ነው።

ኮር ማለት ለብቻው መቆም የሚችል ትንሽ ጦር ነው። ሁለት ሦስት ክፍለ ጦር እግረኛ፣ የራሱ ፈረሰኛ፣ የራሱ መድፍ፣ የራሱ መሃንዲስ አለው። አዛዡ ብዙውን ጊዜ ማርሻል የሚባል ከፍተኛ ማዕረግ ያለው ሰው ነው። ብዛቱ እኩል አይደለም፤ አንዱ 15 ሺህ ገደማ፣ ሌላው 40 ሺህ ይሆናል። እያንዳንዱ የየራሱን መንገድ ይይዛል፣ በሚያልፍበት አገር ይመገባል። የእኛ ሰፈር ሹፌሮች ይህ አይጠፋቸውም፤ አዳማ የሚወርደው ሁሉ በዱከም ብቻ ሲግተለተል የነበረውንና የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ በኋላ የሆነውን አይተዋል።

ዋናው ብልሃት ርቀቱ ላይ ነው። ኮሮቹ ተራርቀው ይጓዛሉ፣ ግን የአንድ ሁለት ቀን መንገድ ያህል ብቻ። ጠላት አንዱን ብቻውን ቢያገኘው ያ ኮር መድፉን ተክሎ ቀኑን ይገፋል። ጎረቤቶቹ በዚያ መሃል ይደርሱለታል። መብላት ሲሆን ተበተን፣ መዋጋት ሲሆን ተሰብሰብ ነው ነገሩ። ጀርመን ውስጥ ኡልም ላይ የኦስትሪያው ጄኔራል ማክ ፊት ለፊት የሚመጣበትን ሲጠብቅ፣ ኮሮቹ በየመንገዳቸው ዞረው ከኋላው ተገናኙ። ጥቅምት ላይ ከነጦሩ እጁን ሰጠ። ዲሴምበር 2 ቀን አውስተርሊትዝ ላይ ውጊያ ሲነሳ ደግሞ፣ የማርሻል ዳቩ አንድ ክፍለ ጦር ከቪየና 110 ኪሎ ሜትር ያህል በሁለት ቀን ገደማ በእግሩ ገስግሶ ደረሰ። እኔ የሰው ጫማ ሳድል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ዕለት የእግራቸው ነገር ምን ይመስል እንደነበር ይታየኛል።

ኮር ምን እንደሚችል ያሳየው ግን አውርሽቴት ነው። ኦክቶበር 14 ቀን 1806 ናፖሊዮን «የና» በምትባል የጀርመን ከተማ አጠገብ ከፕሩሲያ (ከጀርመን መንግሥታት አንዷ ናት) ዋና ጦር ጋር የሚዋጋ መስሎታል። ዋናው ጦር ያለው ወዲያ ማዶ አውርሽቴት ላይ ነው፤ 60 ሺህ ያህል ሆኖ የዳቩን 27 ሺህ ሰው ገጥሞታል። ዳቩ ሦስት ክፍለ ጦር ብቻ ነበረው። በደረሱበት ቅደም ተከተል አሰለፋቸው፣ ያዘ፣ ከዚያም መልሶ አጠቃ። አሸነፈ! ከአራት ሰው አንዱ ሞቶበታል ወይም ቆስሎበታል። ዳቩ ዓይኑ ደካማ ነው፣ መነጽር ያደርጋል። ወሬው ሲደርሰው ናፖሊዮን «ማርሻልህ አንዱን ሁለት አድርጎ ነው የሚያየው» ብሎ መልእክተኛውን አሹፎበታል ይባላል።

ስለ ትእዛዝ የጠየቅኸው የበርቲዬ ሥራ ነው። ኢታማዦር ሹሙ እሱ ነበር። ናፖሊዮን የተናገረውን ለየኮሩ በጽሑፍ አውጥቶ በፈረሰኛ ይልካል፤ ብዙ ጊዜም አንዱን ትእዛዝ ከአንድ በላይ መልእክተኛ ይይዘዋል። በ1815 ናፖሊዮን ለመጨረሻ ጊዜ የተሸነፈበት የዋተርሎ ውጊያ ላይ በርቲዬ በሕይወት አልነበረም። ትእዛዞቹም ያኔ ተዝረክርከው ነበር።

ጥያቄ፦ ሰበታ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼን «ናፖሊዮንን ሩሲያ ላይ ያሸነፈው ብርዱ ነው» ብዬ አስተምራቸዋለሁ። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ ግማሹን ነዎት፣ መምህር። ጁን 24 ቀን 1812 የሩሲያ ድንበር የነበረውን የኔማን ወንዝን መሻገር የጀመረው ዋና ጦር 450 ሺህ ገደማ ነበር። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ሞስኮ ሳይደርስ ቦሮዲኖ ላይ ለውጊያ የተሰለፈው 130 ሺህ ያህል ነው። ከፊሉ በጎንና በኋላ ለጥበቃ የቀረ ነው። እጅግ ብዙው ግን በረሃብ፣ በተቅማጥ፣ በታይፈስና በመክዳት ጠፍቷል። በረዶ የሚባል ገና አልታየም፤ ወሩ የሙቀት ወር ነው።

ጀርመን ውስጥ መንደሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጎተራው ሙሉ ነበር። ሊትዌኒያና ሩሲያ ሰዉ ሳሳ፣ መንገዱ ቀጠነ። ናፖሊዮን ይህን አላሰበም እንዳይሉ፤ ብዙ ከባድ ጋሪ አዘጋጅቶ ነበር። ጋሪው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ፈረሱ ያልደረሰ እህል እየጋጠ ሆዱን ታሞ በየሺው ረገፈ። ፈረስ ሲያልቅ መድፍ የሚጎትት የለም፣ ዱቄት የሚያመጣም የለም። ሩሲያኖቹም እያፈገፈጉ ያለውን አቃጠሉበት። ከሞስኮ ኦክቶበር 19 ሲወጣ፣ በደቡብ በኩል ሊያልፍ ሞክሮ ማሎያሮስላቬትስ ላይ ተገታና በዚያው በተራቆተው መንገድ ተመለሰ። ብርዱ ያገኘው የተራበ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ከቡራዩ ነው የምጽፈው። የአድዋ ጦራችን እንዲህ ያለ አደረጃጀት ነበረው?

መልስ፦ አካሄዱ ይመሳሰላል። ምኒልክ ወረኢሉ ላይ እንገናኝ ብለው አወጁ፤ መኳንንቱ የየራሳቸውን ጦርና ስንቅ ይዘው በየአቅጣጫው መጡ። ልዩነቱ እዚህ ነው። አውስተርሊትዝ ላይ ናፖሊዮን ከዳቩ ኮር አንድ ክፍለ ጦር ወስዶ ለማርሻል ላን ሰጠው፤ ማንም አላኮረፈም። እስቲ የራስ ሚካኤልን ፈረሰኛ ወስደህ ለሌላ ራስ ስጥ! ያ ጦር የጌታው ነው።

ስንቁ ግን እኛንም አልማረንም። በየካቲት 1888 ዓ.ም. ሁለቱም ወገን እህል እያለቀበት ነበር። ምኒልክም ሰፈር ለመልቀቅ እያሰቡ ሳለ የጣሊያኑ አዛዥ ባራቲየሪ ቀድሞ ተነሳ። ጥቂት ቀን ቢታገሥ ኖሮ ምን ይሆን ነበር በሚለው ከጡረተኛ ጓደኞቼ ጋር እስካሁን አልተስማማንም።