የአቤቱታ መጨመር ሥልጠናው ከሸፈ ማለት ነውን?
በስድስት ኪሎ አካባቢ በሚገኘው ኮሌጅዎ ስለ ጾታዊ ጥቃት መከላከል የግማሽ ቀን ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ የአቤቱታ ቁጥር መጨመሩን ጠቅሰው፣ ይህ የውድቀት ምልክት ይሆን ወይ ብለው ጠይቀዋል። በእኔ እምነት አይደለም፤ ቀድሞ ዝም ትል የነበረች ተማሪ አሁን ጽሕፈት ቤቱን አምና በሩን አንኳኩታ ሊሆን ይችላልና፣ ቁጥሩ ብቻውን ጥቃቱ መጨመሩንም ሆነ መቀነሱን አይነግረንም። በሥልጠናው ማብቂያ የሚሞላው መጠይቅም የሚለካው አመለካከትን ነው፤ ሠልጣኙ ደግሞ የሚጠበቅበትን መልስ አሳምሮ ያውቃል።

የሚሻለው ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ሥልጠናውን ለአንዱ ቡድን ብቻ ሰጥቶ፣ ስም ሳይጠይቁ፣ «ተደፍረሽ ታውቂያለሽ?» ከማለት ይልቅ ድርጊቱን በግልጽ በሚዘረዝሩ ጥያቄዎች ከዓመት በኋላ ሁለቱን ቡድኖች ማነጻጸር ነው። በካናዳ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች በ893 የአንደኛ ዓመት ሴት ተማሪዎች ላይ ተካሂዶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የተፈጸመው አስገድዶ መድፈር የ12 ሰዓት ሥልጠና በተመደበላቸው ዘንድ 5.2 በመቶ፣ በራሪ ጽሑፍ ብቻ በቀረበላቸው ዘንድ ግን 9.8 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ጥፋቱ የአጥቂው ነውና ለወንዶች የሚሰጠው ትምህርትም በዚሁ ጥብቅነት ሊመዘን ይገባል።

መጠይቁን ከማሰራጨትዎ በፊት ግን ሕመሟ ለሚቀሰቀስባት ተማሪ የምክር አገልግሎት ያዘጋጁ፤ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የሕክምናና የሕግ ድጋፍን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል ስላለው አድራሻውን ከመጠይቁ ጋር አያይዘው ይስጡ።