በበልግ ልጅ ይዞ ደሴ መግባት

ውጭ አገር የትምህርት ቤቶች የጸደይ ዕረፍት ሲቃረብ ብዙ ወላጅ ሻንጣውን የሚያዘጋጀው «አገር ቤት አሁን በጋ ነው» ብሎ ነው። ደሴ ግን በዚያ ሰሞን በጋ አይደለችም። ከየካቲት እስከ ግንቦት የወሎ ደጋ ገበሬ ሰማይ ሰማይ የሚያየው በልግ ይጥላል ብሎ ነው፤ በአቆጣጠራችንም ቢሆን ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት እንጂ ብዙዎቻችን እንደምንለው መስከረም አይደለም። በልጉ አንዳንድ ዓመት ይዘገያል፣ አንዳንድ ዓመት ጨርሶ ይቀራል። ሲመጣ ግን ጠባዩ ይታወቃል። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ቀትር ላይ ደመናው ጦሳ ተራራ ላይ ይቆለላል፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አንዳንዴም በረዶ ቀላቅሎ ይወርዳል፤ ከዚያ ጉሙ ከተማዋን ይሸፍናታል። ስለዚህ ከትንሽ ልጅ ጋር የሚደረግ ሽርሽር ሁሉ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተጀምሮ 7 ሰዓት ላይ ማለቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የእንቅልፍና የዘመድ ነው። በአንድ ቀን ሁለት ቦታ ልይ የሚል ቤተሰብ ሁለተኛውን የሚያየው በሚያለቅስ ልጅና በረጠበ ጫማ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም አየራቸው የሁለት አገር ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች። ስለዚህ ልብስ የሚታሰበው በድርብ በድርብ ነው፤ ከሥር ቲሸርት፣ በላዩ ሹራብ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬት። ጠዋት ደሴ ላይ ሦስቱም ይለበሳሉ፣ ቀትር ላይ ኮምቦልቻ ቲሸርቱ ብቻ ይበቃል። ጫማ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ጥንድ ያዙ። በበልግ የረጠበ ጫማ ደሴ ላይ በአንድ ሌሊት አይደርቅም፤ ሶሉ ለስላሳ የሆነ ጫማ ደግሞ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ያንሸራትታል። ባርኔጣም አትርሱ። ብርድ አለ ማለት ፀሐይ አታቃጥልም ማለት አይደለም፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ጨረሩ ይበረታል።

የሕፃን ጋሪ ይዞ መምጣት በእኔ ግምት ከንቱ ድካም ነው። የደሴ ጎዳና ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል፤ የእግረኛው መንገድም ድንገት ይቋረጣል። ከ15 ኪሎ በታች የሚመዝን ልጅ በማዘያ ይታዘል። አያት ቤት አንቀልባ ካለም የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ብቻ የሕፃኑ አፍንጫ በጨርቁ እንዳይሸፈን ተመልከቱ።

የት እንደር ለሚለው፣ ልጆቻችሁ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ደሴ እደሩ። ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፣ ሜዳ ናት፣ አውሮፕላኑም የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ግን ወባ አለባት። ወባ በአገራችን በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ያለ በሽታ ሲሆን፣ ዋናው ጊዜው ከክረምት በኋላ ቢሆንም የበልግ ዝናብ ያቆረው ውሃ በሚያዝያና በግንቦት ሁለተኛ ዙር ያስነሳል። አንድ ብርድ ልብስ መጨመር ከወባ ጋር ከመታገል ይቀላል። ዘመድ ኮምቦልቻ ሆኖ እዚያው ማደር ግድ ከሆነ አጎበሩ የፍራሹ ሥር እስኪገባ ይጎተት፤ ከ12 ሰዓት በኋላ ልጆቹ እጅጌ ረጅምና ሱሪ ይልበሱ። ውጭ የተወለደ ልጅ ምንም የመከላከል አቅም የለውም፤ እዚህ ያደገ ወላጅም ብዙ ዓመት ውጭ ከኖረ የነበረው ይጠፋበታል። «እኛ በልጅነታችን ምን ሆንን» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አያዋጣም። ከመነሳታችሁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የመከላከያውን ኪኒን በልጁ ክብደት ልክ የሚያዘው እሱ ነው። ዕድሜው ከ6 እስከ 11 ወር የሆነ ሕፃን የኩፍኝ ክትባት ቀደም ብሎ እንዲወስድም ጠይቁ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን ብዙ ወላጅ ይዘለዋል፤ መዝለል የሌለበት ግን እሱ ነው። የሰፈር ውሻ በየመንገዱ አለ፤ ውጭ ያደገ ልጅ ደግሞ ውሻ ሲያይ ሊያሻሸው ይሮጣል። ቀድሞ በ0ኛውና በ7ኛው ቀን ሁለት መርፌ የወሰደ ልጅ ቢነከስ የሚጨመርለት ሁለት መርፌ ብቻ ነው። ያልወሰደ ልጅ ግን ቁስሉ ውስጥ የሚወጋ ሌላ መድኃኒትም ያስፈልገዋል፤ እሱ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። ልጅ ቢነከስ፣ ቢቧጨር ወይም ውሻ ቁስሉን ቢልሰው፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ሙሉ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ሰዓት ይዛችሁ ማለት ነው፣ ለልጅ ጩኸት 15 ደቂቃ በጣም ረጅም ነው። ቅጠል፣ ቡና ወይም አመድ አይደረግበት። ከዚያ በዚያው ቀን ደሴ ሆስፒታል። «ውሻው የታወቀ ነው» የሚል ጎረቤት አያዘግያችሁ።

መንገዱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና ከትንሽ ልጅ ጋር ቀን ሙሉ ይወስዳል። በአሁኑ ሁኔታ ደግሞ የመንገዱን ሰላም ሳያጣሩ መነሳት አይገባም። ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ማታና በጠዋቱ መንገዱን በየቀኑ የሚመላለሱ ሹፌሮችን ጠይቁ፤ ከመሸ በኋላ ከከተማ ወጥታችሁ አትገኙ። የጉዞ መድንም ገዝታችሁ ከሆነ ጥቃቅኑን ጽሑፍ አንብቡ፤ የምትኖሩበት አገር መንግሥት «አትሂዱ» ያለበትን አካባቢ የማይሸፍኑ ብዙ ናቸው። በአውሮፕላን ለሚመጣ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ የሚቀረው ሐረጎ ነው።

ከኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ደሴ ሲወጣ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይጨመራል። ልጆች የሚያስመልሳቸው እዚህ ነው። ከመነሳት አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ደረቅ ዳቦ ወይም ሙዝ ይብሉ፤ ወተትና ጁስ ይቆይ። ስልኩን ተቀበሏቸውና ወደ ፊት መንገዱን ይዩ። ፌስታል እጃችሁ ላይ ይሁን፣ ሻንጣ ውስጥ አይደለም። ጆሮ ለሚይዛቸው የሚጠቡት ወይም የሚያኝኩት ነገር ስጧቸው። ከሰዓት በኋላ ጉም ስለሚወርድና በጅቡቲ መስመር የሚሄዱ ከባድ መኪኖች ስለሚበዙ ሐረጎን በጠዋት ውጡት።

የልጅ የመኪና ወንበር እዚህ ተከራይቼ አገኛለሁ ብላችሁ አትቁጠሩ፤ ከቤታችሁ አምጡ። መኪና ከመከራየታችሁ በፊት ሹፌሩ የኋላውን ወንበር ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ። ሁለት ነገር ተመልከቱ፤ ቀበቶው ትከሻንም የሚይዝ ነው ወይስ ወገብ ብቻ፣ ዘለበቱስ ይታያል ወይ። ብዙ መኪና ላይ ዘለበቱ ከወንበር ልብሱ ሥር ተቀብሮ ነው የሚኖረው፤ ልብሱን ገልጦ ማውጣት አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ለዚያ የሚቸኩል ሹፌር ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። በባጃጅ ስትሄዱ ልጁ መሀል ይቀመጥ፣ ጫፍ ላይ አይሁን።

ምግብ ላይ ዘመድ ይቀየማል ብላችሁ የምትፈሩትን ያህል አይደለም። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ለልጅ አይሰጥ፤ እርጎም ከምን ወተት እንደተረጋ ጠይቁ። ወተት ከገነፈለ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ጀርሙን ለመግደል ይበቃል፣ ማካሮኒው ግን ከለመዳችሁት ጊዜ በላይ ይፈልጋል። ቂንጬ፣ አጥሚት፣ ገንፎ፣ አልጫ ለልጅ ሆድ ጥሩ መሸጋገሪያ ናቸው። ጭቆ ቅቤው ብዙ ስለሆነ ላልለመደ ልጅ ከአንድ ሁለት ጉርሻ አይለፍ። የ2019 ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ይገባል፤ ፋሲካው ሚያዝያ 24 ነው። የፈረንጆቹ ፋሲካ ግን መጋቢት 19 ስለሚውል በዚያ ዕረፍት የምትመጡ የምትገቡት ጾሙ መሀል ነው። ለልጁ እንቁላልና ሥጋ ከፈለጋችሁ ወደ ሙስሊም ምግብ ቤት ጎራ በሉ፤ ወሎ ላይ ይህ ችግር ሆኖ አያውቅም።

ተቅማጥ ቢይዘው አንድ ፓኬት ኦ አር ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጥ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ይለቅ፣ የተረፈው ይደፋ። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200። በማንኪያ ቀስ እየተባለ ይሰጥ፤ ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ መቀጠል ነው። በግማሽ ሊትር አጠንክሮ መበጥበጥ «እንዲበረታ» ተብሎ የሚደረግ ስሕተት ነው፤ ጨው ይበዛበትና ተቅማጡን ያብሰዋል። ዚንክ ከስድስት ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን።

ቡና ሲፈላ ረከቦቱም የከሰል ምድጃውም መሬት ላይ ነው፤ ማለት በሁለት ዓመት ልጅ እጅ ልክ። ልጁን ከጀበናው ማዶ፣ ግድግዳ በኩል አስቀምጡት፤ በርና መስኮትም ይከፈት፣ የከሰል ጭስ ከዕጣኑ በላይ ያሰጋል። ልጁ ካተኮሰው ደግሞ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» የምትል አክስት አትጠፋም፤ ሕፃን ሲሆን የወተት ጥርስ ይነቀል የሚልም አለ። ደም መፍሰስና ቁስሉ መመረዝ ሕፃን ይገድላል። መሟገት አያስፈልግም፤ «ሐኪሙ ከልክሎናል፣ እትዬ» ይበቃል፤ ግን በዚያ ሰሞን ልጁን ብቻውን ትታችሁ ገበያ አትውጡ። ምርቃቱን ግን አትሽሹ። ልጆቻችሁን ሁለት መዳፍ ዘርግቶ «አሜን» ማለት አስለምዷቸው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አያት የሚጠብቀው እሱን ነው።

ለሽርሽር ቀዳሚው ሐይቅ ከተማ ነው፤ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንድ ሰዓት። መንገዱ ሰላም በሆነበት ጠዋት 2 ሰዓት ተነሡ። ሐይቁ ጥልቅ ነው፣ ከ80 ሜትር በላይ የሚወርድበት ቦታ አለው፤ ጀልባ ላይ በልጅ ልክ የተሠራ የሕይወት ጃኬት ይኖራል ብላችሁ አትጠብቁ። በልጁ ክብደት የተመረጠ ከውጭ ካላመጣችሁ ከዳር ሆናችሁ ወፍ ማየቱ ይሻላል። እግር ማስነከርም ይቅር፤ በአካባቢው ቢልሃርዝያ አለ፣ ትሉ ደግሞ በባዶ ቆዳ ነው የሚገባው። ዓሣው ቆሮሶ ነው፣ ሙሉውን ተጠብሶ ይቀርባል። ለልጅ ከጀርባው በኩል ያለውን ወፍራም ሥጋ ብቻ በጣት እየዳሰሳችሁ አውጡለት፤ አጥንቱ የሚበዛው ሆዱ ጋ ነው። እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ ሴት አይገባበትም፤ ትንሽ ልጅም ብትሆን። ሴት ልጃችሁ በሩ ላይ ከምታለቅስ ቤት ሳላችሁ ንገሯት፣ ለእሷም የሚሆን ነገር አዘጋጁ። ሽንት ቤት ለልጅ የሚመች ስለማይገኝ ፖፖና እርጥብ መጥረጊያ መኪናው ውስጥ ይኑሩ።

ጦሳ ከስድስት ዓመት በላይ ላሉት ጥሩ የጠዋት እግር ጉዞ ነው፤ ግማሹ ድረስ ወጥቶ ደሴን ቁልቁል አይቶ መመለስ ይበቃል። ከተማው ውስጥ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ አሳዩዋቸው፤ ስሙ ብቻ ለልጅ ግማሽ ሰዓት ወሬ ይሆናል። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ግመል ለማየት የሚሄድ ቆላውን ሙቀት ሳይበረታ፣ 3 ሰዓት ላይ ይድረስ፤ ልጁም ከግመሉ ኋላ አይቁም።

ከተመለሳችሁ በኋላ ልጁ ቢያተኩሰው፣ ወራት ቢያልፉም፣ ለሐኪሙ በመጀመሪያ የምትነግሩት ኮምቦልቻ እንደነበራችሁ ይሁን። ቪቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ይነሣል፤ ውጭ ያለ ሐኪም ካልተነገረው ጉንፋን ብሎ ነው የሚመልሳችሁ። ውሃ ውስጥ የገባ ልጅ ካለም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ የቢልሃርዝያ ምርመራ ጠይቁለት፤ ከዚያ ቀድሞ ቢመረመር ላይታይ ይችላል።