መጎተቱንስ ይጎትታል፤ ማቆሙስ?

ፒክአፕ ያለው ሰው አንድ ቀን "እባክህ ጎትተኝ" መባሉ አይቀርም። ሰሞኑን የመጡት ጥያቄዎችም እዚሁ ላይ ናቸው።

"ፒክአፔ 3,500 ኪሎ ይጎትታል። የወንድሜ መኪና 1,400 ነው። ምን ያሳስበኛል?"

ቁጥሩ የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ ነው፣ ወንድሜ። ፍሬን ለሌለው የብዙዎቹ መካከለኛ ፒክአፖች ልክ 750 ኪሎ ነው። ሞተሩማ ይችላል፤ የሚቸገረው ፍሬንህ ነው። መኪና መጫኛው ተሳቢ ራሱ 700 ኪሎ ገደማ ቢመዝን፣ ከኋላህ ያለው 2,100 ሆነ ማለት ነው።

"ቅርብ ነው፤ በገመድ ብንጎትተውስ?"

ለአጭር መንገድ፣ በዝግታ፣ ይሁን። ግን የሚጎተተውን መኪና መሪ የሚይዘው ሰው ጎበዝ ሹፌር መሆን አለበት። ሞተሩ ከጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም አንድ ሁለቴ ከተረገጠ በኋላ ይደርቃል። ቁልፉን ነቅላችሁ ኪሳችሁ እንዳትከቱት፣ መሪው ይቆለፋል።

ትልቁ ጣጣ የገመዱ መላላት ነው። ፒክአፑ ቀነስ ሲያደርግ ገመዱ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። የኋለኛው መኪና የፊት ጎማ ይወጣበታል። ከዚያ ፒክአፑ ሲነሳ፣ ጧ! ወይ ገመዱ ይበጠሳል፣ ወይ መጎተቻው ቀለበት ይነቀላል። ገመዱን ወጥሮ የሚይዘው የኋለኛው ሹፌር ነው፤ ፊት ያለው ከመቀነሱ በፊት እሱ ፍሬኑን ነካ ያደርጋል። ሰንሰለት አይለጠጥም፣ ተዉት። ጭቃ የያዘው መኪና ከሆነ ደግሞ ገመዱን ተሳቢ በሚያያዝባት ኳስ ላይ አታስሩ። ከተሰበረች እንደ ጥይት ነው የምትወረወረው።

"መኪናዬ ኦቶማቲክ ነው። ዜሮ ማርሽ ላይ ሆኖ ቢጎተትስ?"

አይሆንም እህቴ። የካምቢዮው ዘይት ፓምፕ የሚሠራው በሞተሩ ነው። ሞተር ጠፍቶ ጎማ ሲዞር ውስጡ ዘይት ሳያገኝ ይፋጫል። የሚነዱት ጎማዎች ከመሬት ይነሱ፤ አራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይጫን። አንዳንድ አምራቾች አጭር ርቀት ይፈቅዳሉ፤ መመሪያሽን እይው።

"80 ላይ ስደርስ ተሳቢው ጭራውን መቁላት ጀመረ።"

ፍሬን እንዳትደፍቅ፣ ነዳጅም እንዳትጨምር፣ በመሪም አትታገለው። ነዳጁን ልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ። ሲረጋጋ ዳር ይዘህ ጭነቱን እይ። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መያያዣው ላይ ማረፍ አለበት፤ ለ2,100 ኪሎ ከ210 እስከ 315 ማለት ነው። ይሄ ፒክአፑ ከሚሸከመው ላይ ይቀነሳል፣ ስለዚህ ከኋላ ሲሚንቶ አትደርድር። እኔም አንዴ ሞተሩ ከፊት የሆነን መኪና በቂጡ አስገብቼ ጭኜ ተሳቢው ልቤን አውልቆታል። አዙሬ ብጭነው ጸጥ አለ።

"ቁልቁለትስ?"

ከመውረድህ በፊት ማርሽ ቀንስ። የፍሬን ሽታ ከመጣ ዘግይተሃል፤ ቁምና ይቀዝቅዝ።