አሮጌ ኮመዲኖ፣ የሻገተ መሶብና ጓደኛ ያጣ ሲኒ
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ቤት ውስጥ የከረመን ወይም በርካሽ የተገኘን አሮጌ ዕቃ ስለ ማሳመር ይጠይቃሉ። ሁሉም ዘንድ «ምን ልቀባው?» የሚል አለ። የእኛ መልስ ብዙ ጊዜ «መጀመሪያ ይጠብ፣ ከምን እንደተሠራም ይታወቅ» ነው። ምክንያቱን ከታች እናስረዳለን።

ጥያቄ፦ ከእናቴ ቤት ያመጣሁትን ባለ ሦስት መሳቢያ ኮመዲኖ ነጭ የውሃ ቀለም ቀባሁት። ሦስት ወር ሳይሞላው በጥፍር ሲነኩት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። መሳቢያዎቹም አልሳብ ብለው ያስቸግራሉ። ልጣለው ወይስ ይተርፋል? — አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እንዳይጥሉት! ቀለሙ የተላጠው ከሥሩ ባለው ነገር ምክንያት ነው። የድሮ ኮመዲኖ ቫርኒሽ አለው፤ በቫርኒሹ ላይ ደግሞ የዓመታት የእጅ ቅባትና የማወልወያ ሰም ተደርቧል። የውሃ ቀለም ንጹሕና ሻከር ያለ ገጽ ይፈልጋል። በሚያንሸራትት ነገር ላይ ሲቀባ ደርቆ እንደ ቆዳ ይለብሳል እንጂ አይጣበቅም።

ሌላ ቀለም ከመግዛትዎ በፊት አንድ መሳቢያ አውጥተው ይገልብጡና ያልተቀባውን ጠርዝ ይመልከቱ። የእንጨቱ መስመር ከፊት ገጹ ተነስቶ ወደ ጠርዙ የሚያልፍ ከሆነ ሙሉ እንጨት ነው። ጠርዙ የተጋገረ ሰጋቱራ ከመሰለ ቺፑድ ነው። የሁለቱ መንገድ ለየቅል ነው።

ሙሉ እንጨት፣ በተለይ ዋንዛ ከሆነ፣ ዳግመኛ ቀለም እንዳያስነኩት እንለምንዎታለን። ዛሬ በዋንዛ አሠራለሁ ቢሉ ዋጋው አይቀመስም፤ እርስዎ ግን ከቀለሙ ሥር አለዎት። የተነሳውን ቀለም ይፋቁ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ይሹት፦ በቁጥር 80 ይጀምሩ፣ በ120 ይቀጥሉ፣ በ220 ይጨርሱ። ሁልጊዜ የእንጨቱን መስመር ተከትለው ይሹ። መስመሩን አቋርጠው ካሹት ጭረቱ አሁን አይታይም፤ ዘይት ሲጠጣ ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል፣ ያኔ ደግሞ ሥራው እንደገና ከ80 ሊጀመር ነው። አቧራውን በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ጠርገው አንድ ቀን ያድርቁት።

ለማጠናቀቂያ የተልባ ዘይት በጨርቅ በስሱ ይቀቡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንጨቱ ያልጠጣውን ሁሉ ጠርገው ያንሱ። የተረፈው ካልተጠረገ ለሳምንታት እጅ ላይ የሚጣበቅ ሙጫ ይሆናል። ሁለተኛውን ቅብ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በፊት አይጨምሩ። አንድ አደጋም አለ፦ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፤ የተቀባበት ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ላይ ከተጣለ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊነድ ይችላል። ጨርቁን ውጭ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ነክረው ይጣሉት።

ቺፑድ ከሆነ ግን ቀለም ይወዳል። የሚነሳውን ካነሱ በኋላ በሞቀ ውሃና በጥቂት ኦሞ ቅባቱን አጥበው ያድርቁት። ውሃው አይብዛ፤ ቺፑድ ከጠጣ ያብጣል፣ ያበጠ ቺፑድ ደግሞ አይመለስም። በቁጥር 220 አንጸባራቂነቱን ብቻ ያጥፉ። ከዚያ ይህን ይቀላቅሉ፦ አንድ ሲሶ ስኒ ጀሶ በአንድ ሲሶ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ ጓሉ እስኪጠፋ ይበጥብጡ፣ በላዩ አንድ ሙሉ ስኒ የውሃ ቀለም ይጨምሩ። ጀሶው ቀለሙን ሻካራና ደብዛዛ ስለሚያደርገው አሮጌ ገጽ ላይ ይይዛል። ቅልቅሉ ግን እየቆየ ይጠጥራልና በአንድ ቁጭታ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ያዘጋጁ። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል። ከደረቀ በኋላ በሰም ያሹት፤ ያለዚያ የቡና ጠብታ ጠጥቶ ይቀራል።

መሳቢያው የማይሳበው ብዙ ጊዜ መሄጃው ስለደረቀ ነው። የሻማ ቁራጭ በመሄጃው ላይ ከላይ እስከ ታች ያሹበት። የመሳቢያው ጥግ ከላላ ደግሞ የድሮውን ኮላ እስከ እንጨቱ ድረስ ፍቀው አዲስ ይቀቡ፣ ምክንያቱም ኮላ በደረቀ ኮላ ላይ አይዝም። ዙሪያውን በገመድ አስረው በገመዱ ውስጥ ዱላ አስገብተው እስኪጠብቅ ያዙሩት፤ ለ24 ሰዓት አይንኩት።

ጥያቄ፦ የአያቴ መሶብ ጓዳ ተቀምጦ ሻገተ፤ የአፉ ዙርም መፈታት ጀምሯል። ሳሎን ላስቀምጠው ፈልጌ ቫርኒሽ ቢቀባ ይጠነክራል ተባልኩ። እውነት ነው? — አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ቫርኒሽ አይቀቡት። ስንደዶውና አክርማው በክረምት እርጥበት ይስባል፣ በበጋ ይተፋል፤ ያብጣል፣ ይሟሽሻል። ቫርኒሹ አብሮት ስለማይለጠጥ ይሰነጠቃል፤ እርጥበቱን ከውስጥ አስሮ ሻጋታውን ይመግበዋል። ከዚያ በኋላ ማንም ስፌት ዐዋቂ ሊጠግንልዎ ቢፈልግ ወስፌው አያልፍም።

ሻጋታውን በደረቁ ነው የሚያነሱት። ውጭ አውጥተው፣ አፍንጫዎን በጨርቅ ሸፍነው፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ዙሩን ተከትለው ይቦርሹ። በእርጥብ ጨርቅ ከጀመሩ ሻጋታው ወደ ስፌቱ ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ አንድ እጅ አቼቶ ከሦስት እጅ ውሃ ጋር ይቀላቅሉ። መሶቡን ከመንካትዎ በፊት ነጭ ጨርቅ በቅልቅሉ ነክረው በማይታየው ታች በቀዩ ወይም በሐምራዊው ሣር ላይ አንድ ደቂቃ ይጫኑት። ጨርቁ ቀለም ካወጣ እርጥበቱን ይተዉ፣ ብሩሹ ይብቃው። ካላወጣ ጨርቁን ጥብቅ አድርገው ጨምቀው ይጥረጉ፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሁለት ቀን ያቆዩ። ፀሐይ ላይ እንዳያሰጡት፤ ሻጋታውን ቢያደርቅም ቀለሙን ይዞት ይሄዳል።

ለተፈታው ዙር አዲሱን ሣር ሳይሰነጠቅ እስኪታጠፍ ድረስ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ ሃያ ደቂቃ፣ ደረቅ ከሆነ ከዚያ በላይ። ሥራውን ከተፈታበት ጫፍ አይጀምሩ። ጤነኛው ላይ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ተመልሰው ይጀምሩ፣ አለበለዚያ አዲሱ ጥምጥም የሚይዘው የለውም። ወስፌው በሁለቱ አሮጌ ስፌቶች መካከል ይግባ። አሮጌውን ሰበዝ ከወጋ ይሰነጥቀዋል፤ ዛሬ አንዱን ሲጠግኑ በወሩ ጎረቤቱ ይፈታል። ሲጨርሱ መሶቡን ሲሚንቶ ወለል ላይ አያስቀምጡ፤ ሁለት ጣውላ ከሥሩ ይግባ።

ጥያቄ፦ የቀሚሴ ሸማ አልቋል፣ ጥለቱ ግን ገና አዲስ ነው። ለሶፋ ትራስ ልብስ ላደርገው አስባለሁ። ልኩን ንገሩኝ። — አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ ለ45 በ45 ሳንቲ ሜትር ትራስ ፊቱ 47 በ47 ይቆረጥ፤ በየጎኑ አንድ ሳንቲ ሜትር ለስፌት ነው። ጀርባው ዚፕ አያስፈልገውም። ሁለት ቁራጭ አቡጀዲ ይቁረጡ፣ እያንዳንዱ ቁመቱ 47፣ ወርዱ 32። ከእያንዳንዱ አንዱን ረጅም ጠርዝ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ሁለት ጊዜ አጥፈው ይስፉት፤ ወርዱ 30 ይቀራል። ሁለቱን ፊቱ ላይ ገልብጠው ሲያስቀምጧቸው 13 ሳንቲ ሜትር ይደራረባሉ፣ ትራሱ በዚያ በኩል ይገባል። ከ10 በታች ከተደራረበ ሰው ሲደገፍበት አፉ ይከፈታል።

ጥለቱ ብቻውን ፊት መሆን አይችልም። የእጅ ሽመና ከተቆረጠ በኋላ ክሩ ይመዘዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥለቱን በአቡጀዲ ገበር ላይ ዘርግተው ዙሪያውን በዚግዛግ ይስፉት፣ ከዚያ ከገበሩ ጋር አንድ ላይ ይቁረጡት። አቡጀዲውን ከመቁረጥዎ በፊት ይጠቡት፤ በኋላ ከታጠበ ይሰበሰብና ጥለቱን ያጨማድደዋል። ጨው ቀለም ያስራል የሚባለውን አይመኑ፤ የተነከረን ክር ጨው አያግደውም። በቀዝቃዛ ውሃ ለብቻው ይጠቡት። የሚያብለጨልጭ ክር ካለበት በጀርባው፣ ጨርቅ ደርበው ይተኩሱት፤ ጋለ ያለ ካውያ ያቀልጠዋል።

ጥያቄ፦ ከጠጅ ቤት ሰፈፍ በቀላሉ አገኛለሁ። እጀታቸው የተሰበረና ከስብስባቸው የተረፉ ሲኒዎችም አሉኝ። ሻማ ላደርጋቸው ሞክሬ ሻማው ጠቆረ፣ ነበልባሉም ቶሎ ይጠፋል። — አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ይህ ሐሳብ በጣም ደስ ብሎናል፤ ለምሽት ከዚህ የደመቀ የቤት ጌጥ ጥቂት ነው። ሁለቱም ችግርዎ መፍትሔ አለው።

የጠቆረው ሰፈፉ ስላልጠራ፣ ምናልባትም በብረት ድስት ስላቀለጡት ነው። ብረትና መዳብ የሰም ቀለም ያበላሻሉ፤ አይዝጌ ወይም ኢናሜሉ ያልተላጠ ዕቃ ይጠቀሙ። ሰፈፉን ፈርፍረው አንድ ሌሊት በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፍዝፉት፣ የማሩና የጌሾው ቅሪት እስኪለቅ ደጋግመው ያለቅልቁ። በጨርቅ ከረጢት ቋጥረው እስከ ግማሽ ውሃ ባለበት ዕቃ ውስጥ በዝግታ ያሙቁት። ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ስለሚቀልጥ ውሃው መንተክተክ የለበትም፤ ከተንተከተከ ሰሙና ውሃው ተዋሕደው ሲረጋ እንደ አይብ ይፈረፈራል። ከረጢቱን በዱላ ተጭነው ያውጡት። ዕቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው እስኪነጋ ይተዉት። ጠዋት ሰሙ በውሃው ላይ እንደ ዳቦ ረግቶ ያገኙታል፤ ሆዱ ላይ ቡናማ ጭቃ ይኖራል፣ በቢላ ፍቀው ያንሱት። አንዴ ደግመው ካጣሩት ቢጫ ይሆናል።

ነበልባሉ የሚጠፋው ክሩ ቀጭን ስለሆነ ነው፤ የቀለጠው ሰም ያሰጥመዋል። ከጥጥ ፈትል ሦስት ዘለላ ይጎንጉኑ፣ በሰም ነክረው ቀጥ አድርገው ያድርቁት። ጥቀርሻ ካበዛ ደግሞ ወፍሯል ወይም ረዝሟል፤ ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ አይተዉት። መጀመሪያ አንድ ሲኒ ብቻ ሠርተው ይሞክሩ።

ለመሙላት ሰሙን የሚቀልጥበትን ዕቃ በሙቅ ውሃ ባለበት ሌላ ድስት ውስጥ ያስቀምጡ፤ በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ይነዳል። ከተቀጣጠለ ክዳን ይድፉበት፣ ውሃ ፈጽሞ አይርጩበት። ሲኒውን አስቀድመው ለብ ያድርጉት። በቀዝቃዛ ሲኒ የፈሰሰ ሰም ከዳሩ ይላቀቃል። ሲረጋ በክሩ ዙሪያ ይጎደጉዳል፤ ጥቂት ሰም አስቀርተው ኋላ በማንኪያ ይሙሉት። እጀታው ቢሰበርም ግድ የለም፣ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ያለው ሲኒ ግን አይሁን፤ በሙቀት ይከፈላል። ሰሙ አንድ ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ያጥፉት።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ በኪራይ ቤት ነው። ግድግዳ መብሳት አይፈቀድም፤ ሰፌዶች ግን መስቀል እፈልጋለሁ። ያገለገለ ባለ ቀለም ጠረጴዛም በርካሽ ገዛሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ልሸው? — አንባቢ

መልስ፦ ግድግዳ ሳይበሳ የሚጣበቀውን ተነቃይ ልጥፍ በሰፌዱ ጀርባ ላይ አያጣብቁት፤ ዙሩ ወጣ ገባ ስለሆነ ሌሊት ይወድቃል። ተነቃዩን ማንጠልጠያ ግድግዳው ላይ ያድርጉ፣ በሰፌዱ ጀርባ ስፌት መካከል ክር አሳልፈው ይስቀሉት። አስቀድመው ሁሉንም ወለል ላይ ደርድረው ይዩ፤ የስብስቡ መሐል ከወለል 150 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ለዓይን ይመቻል።

ጠረጴዛውን በደረቁ አይሹት። አሜሪካ መርዘኛውን ሊድ የያዘ ቀለም ለቤትና ለቤት ዕቃ የከለከለችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ከሆነ አቧራው በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። ዕድሜውን ካላወቁ ቀለሙን ሳይፍቁ ያስመርምሩት፤ ሊድ ካለበትና ቀለሙ መፈርፈር ከጀመረ ልጅ ያለበት ቤት አያስገቡት።

ጥያቄ፦ ምናለሽ ተራ ስሄድ ምን ልግዛ፣ ምን ልተው? — አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በርጩማ፣ ሳጥን፣ የመስታወት ፍሬም፣ ፋኖስ ይግዙ፤ እነዚህ የሚበላሹት በሚታይ መንገድ ነው። የጨርቅ ሶፋ ግን ይተዉ፣ ትኋን በስፌቱ ውስጥ ይዞ ይመጣል። እንጨት ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ካዩ ውስጣቸውን ይመልከቱ፦ የጠቆሩት የድሮ ናቸው፣ ውስጣቸው ነጣ ያለና ከሥራቸው ዱቄት ያለባቸው ግን ነፍሳቱ ገና እየበሉ ነው። ከተጠራጠሩ ዕቃውን በእጅዎ መታ መታ አድርገው ከሥሩ ጥቁር ወረቀት ያንጥፉ፣ ሁለት ሳምንት ከሌሎች የእንጨት ዕቃዎች ርቆ ይቀመጥ። ወረቀቱ ላይ አዲስ ዱቄት ካገኙ ሳሎን አያስገቡት።